ልጅና ፈረስ ስናገናኝ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ ላይ ፈረስ ብርቅ አይደለም። ከቦሩ ሜዳና ከኩታበር በኩል ጭነት ይዞ ይመጣል። ኮምቦልቻ ወርዶ ጋሪ ይጎትታል። የወሎ ፈረሰኛ ስሙ የታወቀ ነው፤ ንጉሥ ሚካኤልም በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ይባሉ ነበር። ዛሬ የማወራው ግን ስለ ጦር ፈረስ አይደለም። ትምህርት ያቋረጡ፣ ከቤት የተኳረፉ፣ ዝም ያሉ ልጆችን ፈረስ አጠገብ እያዋሉ ማገዝ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው የምጽፈው። እኔ ቅዳሜ ጠዋቶቼን ከጥቂት ልጆችና ከሁለት ፈረሶች ጋር አሳልፋለሁ። ከታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ፈረስ ላይ ማውጣት

ልጁ ሲመጣ ዓይኑ ኮርቻው ላይ ነው። እኛም ደስ ይበለው ብለን እናወጣዋለን። አንድ ዙር ይዞራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በቃ። በሚቀጥለው ሳምንት ላናየው እንችላለን። የመጣበትን አግኝቷላ!

አሁን የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ሳምንታት ማንንም አላወጣም። ውሃ ያጠጣሉ። ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል፤ ይህን በጀሪካን ማመላለስ ቀላል አይደለም። ጋማ ያበጥራሉ። ሰኮና አንስተው የተሰካውን ጠጠር ያወጣሉ። ሰኮና ማንሳት ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ፈረስ ሲፈራ መዳኛው ሩጫ ነው። እግሩን ለሰው አሳልፎ ሲሰጥ መሸሻውን ነው የሚሰጠው።

አንድ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ሰው ሲያናግረው መሬት መሬት ያያል። ባዝራዋ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እግሯን ከለከለችው። እኔም አላገዝኩትም። በአራተኛው ሰጠችው። ሳያስበው ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ፤ ከተዋወቅን ለመጀመሪያ ጊዜ።

የደከመ ፈረስ ማምጣት

ብዙዎቻችን የራሳችን ፈረስ ስለሌለን ከባለጋሪ እንከራያለን። ይህ ነውር የለውም። ችግሩ ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ሲጎትት ውሎ አመሻሽ ላይ ለልጆች ሲመጣ ነው። ደሴ ዳገት ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል የቀትሩ ሙቀት ሌላ ነው። የዛለ ፈረስ ትዕግሥት የለውም፤ ይነክሳል፣ ይራገጣል።

ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ልጁ የሚያየው ነው። ጀርባው የተላጠ ፈረስ ላይ ግላስ ጣል አድርገን «ምንም አይል» ካልን፣ ስለ ርኅራኄ የምንናገረው ሁሉ ጆሮው አይገባም። የሚለፋ ፍጡር ሕመሙ እንደማይቆጠር ነው ያስተማርነው። ብዙዎቹ ልጆች ደግሞ ያንን ከቤታቸው ያውቁታል። ስለዚህ ለባለጋሪው የግማሽ ቀን ገቢውን ከፍዬ ጠዋት፣ ፈረሱ ሳይደክም እወስደዋለሁ። ቁስል ካገኘን የዚያን ቀን ኮርቻ የለም። ልጆቹ ለብ ባለ የጨው ውሃ ያጥቡለታል፣ የእንስሳት ሐኪም ይጠራል።

ክብደትም አለ። ፈረስ ኮርቻውን ጨምሮ ከራሱ ክብደት 20 በመቶ በላይ ባይሸከም ይመከራል። 220 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ይህ 44 ኪሎ ነው፤ የአገራችን ፈረስ ደግሞ ትልቅ አይደለም። ጎረምሳው ከበደ ማለት ነው? አጠገቡ ይሂድ፣ ይሳበው፣ ከመሬት ሆኖ ያሠልጥነው። ሁለት ልጅ ማፈናጠጥማ ፈጽሞ አይሆንም።

ምክር ማብዛት

ልጆቹ ምክር ጠግበዋል። ከቤት፣ ከትምህርት ቤት፣ ከመስጊድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰምተዋል። እኛም ፈረሱን አስቁመን «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ካልን የክፍል ትምህርት አደረግነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ዛሬ ጎረምሳ የሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ያዩትን እኛ በፈለግነው ሰዓት እንዲያወሩ መጎትጎት የለብንም። አንድ ቀን መንገድ ላይ የከባድ መኪና ጎማ ፈነዳ። ፈረሱ በረገገ። ገመዱን የያዘችው ልጅም ደርቃ ቀረች። «አብሽሪ» ብቻ አልኳት። ሁለቱም ትንሽ ሲረጋጉ ጣቷን መንጋጋው ሥር አድርጋ የልብ ምቱን እንድትቆጥር አሳየኋት። ያረፈ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። መጀመሪያ 70 ቆጠረች። ቆይታ 52። ከዚያ 40። የእሷም ትንፋሽ አብሮ ወረደ።

በሳምንቱ ራሷ አወራች፤ ጋማውን እያበጠረች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። የእኛ ልጅ ከታላቅ ጋር ዓይን ለዓይን እየተያየ ሆዱን አይከፍትም። እጁ ሥራ ሲይዝ ግን ይቀለዋል። ዝም ብዬ ሰማኋት። የሰማነው ከአቅማችን በላይ ከሆነ ደግሞ ቤተሰቧን አማክረን ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ማድረስ ነው፤ እኛ ሐኪም አይደለንም።

«ወንድ አይደለህም እንዴ?» ማለት

ጆሮውን ወደ ኋላ የለጠፈ ፈረስ ሲያይ የሚፈራ ልጅ ልክ ነው። ፈረሱ ተቆጥቷል፤ ልጁም አንብቦታል። «ጎበዝ፣ አየኸው» ነው የሚባለው። ፍርሃቱን ካሳፈርነው ሌላ ጊዜ ይደብቀዋል፤ አደጋ የሚመጣው ያኔ ነው።

ጥንቃቄውንም እዚሁ ልንገራችሁ። ፈረስ ዙሪያውን ቢያይም ልክ ከኋላውና ከግንባሩ ፊት ያለው አይታየውም። ስለዚህ ድምፅ እያሰሙ በትከሻው በኩል መቅረብ ነው። ገመድ እጅ ላይ አይጠመጠምም፤ ቢደነግጥ ጣት ይዞ ይሄዳል። ሸበጥ አድርጎ የመጣ ልጅ ጫማ እስኪያገኝ ከአጥር ውጭ ይቆይ።

ሴቶቹን ገለባ ተሸካሚ ማድረግ

ይህ ሳይታወቀን የምናደርገው ነው። ወንዶቹ ልጓም ይይዛሉ፣ ሴቶቹ ይጠርጋሉ። ሥራው በተራ ይሁን። አለቀ።

ሞቅ ብሎ መጥፋት

በጥምቀት ሰሞን ፈረሱ ሲሸለም ሁሉም ሰው አጋዥ ነው። ክረምት ሲገባ፣ ጭቃው ሲበዛ፣ ደሴም ጭጋግ ስትለብስ ግን ማን ይመጣል? ልጁ ይመጣል። በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ብዙዎቹ ደግሞ ትልቅ ሰው «እመጣለሁ» ብሎ ሲቀር ከዚህ በፊት አይተዋል።

በወር ሁለት ቅዳሜ ብቻ የምትችሉ ከሆነ ሁለት በሉ። አራት ብላችሁ ሁለቱን አትቅሩ። የምትቀሩ ከሆነ ሐሙስ ላይ ደውሉ፤ ስልክ ለሌለው ልጅ ሰፈሩ ያለው ሱቅ ላይ መልእክት ተዉለት።