ካርፕን በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ፦ ዝንቡን ከማሰር ዓሣውን እስከ መልቀቅ

ካርፕ የአሜሪካ አገር በቀል ዓሣ አይደለም። የአገሪቱ የዓሣ ኮሚሽን በ1877 እ.ኤ.አ. ከጀርመን አስመጥቶ በባልቲሞር ከተማ ድሩይድ ሂል ፓርክ ኩሬዎች ውስጥ የጨመረው፣ ለምግብ እንዲራባ አስቦ ነበር። ዛሬ ግን የሚበላው ጥቂት ሰው ሲሆን፣ በሰው ሠራሽ ዝንብ፣ ማለትም ጸጉርና ላባ ታስሮበት የዓሣ ምግብ በሚመስል መንጠቆ፣ የሚያጠምዱ ሰዎች ደግሞ በጉልበቱና በጥንቃቄው ይፈልጉታል። በዝዋይ ሐይቅና በቆቃ ግድብ በመረብ የሚወጣው ካርፕም ይኸው ዝርያ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው የኮሎራዶ ከተሞች በዴንቨርና በአውሮራ፣ ዴንቨርን አቋርጦ የሚያልፈው ሳውዝ ፕላት ወንዝና የቼሪ ክሪክ ግድብ ሐይቅ ካርፕ ስላላቸው ጀልባም ሆነ ረጅም ጉዞ አያስፈልግም። ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ግን አስቀድሞ የኮሎራዶን የማጥመጃ ፈቃድ ማውጣት አለበት።

በዚህ ዘዴ ዝንቡ በጣም ቀላል ስለሆነ ወደ ውኃው የሚወስደው የወፍራሙ መስመር ክብደት ነው። ዘንጎች የሚመደቡትም በሚሸከሙት መስመር ቁጥር ሲሆን፣ ለካርፕ ከ6 እስከ 8 ቁጥር ያለውና 2.7 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዘንግ ይስማማል። ተንሳፋፊ መስመር፣ መስመሩን ከዝንቡ ጋር የሚያገናኝ 3 ሜትር ያህል ቀጭን መሪ ክር፣ ጫፉ ላይ ደግሞ 5 ኪሎ ግራም ገደማ የሚችል ናይለን ያስፈልጋል። መጠቅለያው አስተማማኝ ፍሬንና ከመስመሩ ሥር 100 ሜትር ያህል ትርፍ ክር ይኑረው። ከዚህ ሁሉ የማይታለፈው የውኃን ነጸብራቅ የሚያጠፋ ፖላራይዝድ መነጽር ነው፤ ዓሣውን ሳያዩ መስመር መወርወር በካርፕ ዘንድ ትርፉ ድካም ነው።

ዝንቡን ማሰር

ካርፕ አፉ ወደ ታች የዞረ፣ በከንፈሩ ዳር ባሉት ጢሞች ደለሉን እየዳሰሰ ትልና የነፍሳት እጭ የሚለቅም ዓሣ ነው። ስለዚህ የምናስረው ዝንብ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ፣ ቡናማ ወይም የወይራ ቀለም ያለውና ለስላሳ መሆን አለበት።

ቁጥር 6 ወይም 8 የሆነ፣ ሽቦው ወፈር ያለ መንጠቆ ይውሰዱ፤ ከጫፉ በታች ያለችውን ትንሽ ጥርስ በፒንሳ ደፍጥጠው ጎባጣውን ክፍል በትንሽ ሞርሳ ያጥብቁ። ከመንጠቆው ቀዳዳ ጀምረው እስከ ጎባጣው ድረስ ግንዱን በክር ይሸፍኑ፤ ይህ መሠረት ከሌለ የሚታሰረው ሁሉ ይሽከረከራል።

ቀጥሎ ዓይኖቹ ይታሰራሉ። ለመብራት መሳቢያ ከሚያገለግለው የብረት ዶቃ ሰንሰለት ሁለት የተያያዙ ዶቃዎችን ይቁረጡና ከቀዳዳው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ፣ በግንዱ ጀርባ ላይ አጋድመው ክሩን እያመሳቀሉ ደጋግመው ያስሩ፤ ከዚያም አንድ ጠብታ ሙጫ ያድርጉበት። በጀርባ ላይ ማሰሩ በከንቱ አይደለም፤ ክብደቱ ዝንቡን ስለሚገለብጠው የመንጠቆው ጫፍ ወደ ላይ ይዞራል፤ በወለሉ ድንጋይና ሣርም እምብዛም አይያዝም።

ለጅራቱ ቁንጥር የጥንቸል ጸጉር ያስሩ፤ ርዝመቱ ከመንጠቆው ግንድ አይብለጥ፤ ረጅም ከሆነ ካርፑ ጅራቱን ብቻ ይስብና መንጠቆው ከአፉ ውጭ ይቀራል። ክሩን ሰም ቀብተው ጥቂት ጸጉር በስሱ ያጠንጥኑበትና እስከ ዓይኖቹ ድረስ በመጠቅለል አካሉን ይሥሩ። ከዚያ የሴት ዶሮ ለስላሳ ላባ በጫፉ በኩል አስረው ሁለት ጊዜ ብቻ ያዙሩ፤ የአውራ ዶሮ ላባ ደረቅ ስለሆነ በውኃ ውስጥ አይላወስም። በመጨረሻ ከዓይኖቹ ፊት ለፊት ክሩን ደጋግመው ቋጥረው ይቁረጡና ቋጠሮውን ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ይቀቡት። የተጠናቀቀውን ዝንብ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጥለው የመንጠቆው ጫፍ ወደ ላይ ዞሮ መስመጡን ይፈትሹ።

በእኔ ግምት፣ ጀማሪዎች በዝንቡ ውበት የሚያባክኑትን ጊዜ በክብደቱ ላይ ቢያውሉት ይሻላቸዋል። ያንኑ ዝንብ በሦስት ክብደት ያዘጋጁ፦ ዓይን የሌለው ከጉልበት በታች ለሆነ ጸጥተኛ ውኃ፣ ባለ ዶቃው ለመካከለኛው፣ ከባድ የነሐስ ዓይን ያለው ከአንድ ሜትር በላይ ለሆነ ጥልቀት። ከባዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ጧ ብሎ ሲያርፍ ዓሣው ይሸሻል።

ዓሣውን መለየትና ዝንቡን ማቅረብ

ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ በዳሩ በቀስታ እየተራመዱ ውኃውን ያጥኑ። የካርፕ የአየር ከረጢት በጥቃቅን አጥንቶች ከውስጥ ጆሮው ጋር ስለሚገናኝ የመስማት ችሎታው ከፍተኛ ነው፤ በጠጠር ላይ ከባድ እርምጃ ሊያባርረው ይችላል። በፍጥነት የሚዋኘውንና ከገጹ ሥር ቆሞ ፀሐይ የሚሞቀውን ይተዉት። የሚፈለገው አንገቱን ደፍቶ፣ ጅራቱን ሽቅብ አንሥቶ ደለል የሚያደፈርሰው ነው፤ እየበላ ነውና።

ዝንቡን በቀጥታ በራሱ ላይ አይጣሉ። አንድ ሜትር ያህል ከፊቱና ከእሱ አሻግረው ይወርውሩ፤ ዘንጉን ከፍ አድርገው ዝንቡን በውኃው ገጽ ላይ ወደ መንገዱ ይጎትቱ፤ ከአፉ አንድ ስንዝር ሲቀር ዘንጉን ዝቅ በማድረግ ያስምጡት። ከዚያ አያንቀሳቅሱት፤ ቢበዛ አንድ ጊዜ በትንሹ ነቅነቅ ያድርጉት።

ከሁሉ የሚከብደው መንከሱን ማወቅ ነው፤ ካርፕ ምግቡን በዝግታ ስቦ፣ ካልተስማማው ወዲያው ስለሚተፋው መስመሩ ላይ ምንም ላይሰማዎት ይችላል። ስለዚህ ዓይንዎ ከዓሣው አይነሣ። ወደ ዝንቡ ሲያዘነብል፣ ድንገት ሲቆም ወይም ነጣ ያለው ከንፈሩ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ዘንጉን ሳይመነጭቁ መስመሩን በእጅዎ በለዘብታ ይሳቡ፤ ክብደት ከተሰማዎት ብቻ ዘንጉን ያንሡ። በመጀመሪያው ሩጫው አይከልክሉት፤ ፍሬኑ ያድክመው።

ዓሣውን በሰፊ የጎማ መረብ ተቀብለው፣ እጅዎን አርጥበው ከውኃው ሳያወጡ መንጠቆውን ይንቀሉና ራሱን ችሎ እስኪዋኝ ይደግፉት። በሕይወት እያለ ወደ ሌላ ሐይቅ መውሰድ ክልክል ነው። የካርፕ ቆዳ ሲጎዳ ለመንጋው አደጋን የሚያስታውቅ ኬሚካል ወደ ውኃው ስለሚለቅ፣ ቀጣዩን ዓሣ በዚያው ቦታ ከመጠበቅ ይልቅ ራቅ ብለው ሌላ ደለል የሚያደፈርስ ይፈልጉ።