የመሬት ትልን ነርቭ ማየት ከፈለጋችሁ በጀርባው በኩል ክፈቱት

ደሴ ክረምት ላይ ትል ፍለጋ አትቸገሩም፣ ዝናቡ ሲያባራ ጓሮ ውስጥ ድንጋይ ገልበጥ ማድረግ ወይ እበት የተጠራቀመበት ጥግ መቆፈር ይበቃል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ሙቀቱ አፈሩን ቶሎ ስለሚያደርቀው ቦርከና ወንዝ ዳር ወይ መስኖ የሚጠጣ አትክልት ስር ፈልጉ። ወፈር ያለውን ምረጡ፣ የቀጭኑ ነርቭ ዓይን ያደክማል።

በህይወት እያለ መጀመሪያ ይሄን ሞክሩ፦ እርጥብ ወረቀት ላይ አድርጉትና ጭንቅላቱን በጥጥ ነካ፣ ቆይታችሁ ደሞ ጭራውን ነካ። ሁለቱም ጊዜ ሰውነቱ በአንዴ ጭምትር ይላል፣ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ከዛ ማደንዘዝ ነው። 10% አልኮል ይበቃል፣ ላብራቶሪ ከሌላችሁ ጠንከር ያለ የቤት አረቄ አንድ እጅ በሶስት እጅ ውሃ በጥብጡና እዛ ውስጥ ክተቱት፣ ሲነካ ምንም እስከማይል ጠብቁ። ነፍስ ያለው ፍጡር ነውና ሳይደነዝዝ ምላጭ እንዳታሳርፉበት። ለመስሪያ ትሪ የሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ሻማ አቅልጣችሁ አፍሱና ሲረጋ ስፒል ይይዝላችኋል፣ አረቄውን ግን እሳቱ አጠገብ እንዳታደርጉት በጣም አደራ።

አሁን ጀርባና ሆዱን ለዩ። ጀርባው ጠቆር ያለ ሆኖ መሀል ለመሀል የደም ስር ይታይበታል፣ ሆዱ ነጣ ይላልና በጣት ሲዳበስ ከጥቃቅን እሾሆቹ የተነሳ ሻከር ይላል። የኛ ነርቭ በጀርባ ነው የሚሄደው፣ የሱ በሆዱ በኩል ነው፣ ስለዚህ ከሆዱ ከቆረጣችሁ ልታዩት የመጣችሁትን ነገር ራሱን በምላጭ ሰነጠቃችሁት ማለት ነው። እንደ መቀነት ወፍሮ ከሚታየው ቦታ ኋላ ጀምሩና ከደም ስሩ ትንሽ ወደ ጎን ብላችሁ፣ የምላጩን ጫፍ ወደ ላይ ቀና አድርጋችሁ፣ ቆዳውን ብቻ እየቆረጣችሁ ወደ ጭንቅላቱ ሂዱ። ጫፉ ጋር ስትደርሱ በጣም ቀስ በሉ! አንጎሉ ከጭንቅላቱ ጫፍ ሲቆጠር 3ኛው ቀለበት ላይ ከጉሮሮው በላይ ስለሆነ ምላጩ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ቆዳውን ግራና ቀኝ በስፒል ወጥሩት፣ በየቀለበቱ መሀል ያሉትን ስስ ግድግዳዎች ቁረጡ፣ ከዛ እስኪሸፍነው ውሃ አፍሱበት፣ ውሃ ውስጥ ሁሉም ነገር ለየት ለየት ብሎ ይታያል።

አንጎሉ ሁለት ጥቃቅን ነጭ እብጠቶች ነው። ከሱ የሚወጡት ሁለት ነርቮች ጉሮሮውን በግራና በቀኝ አቅፈው 4ኛው ቀለበት አካባቢ ከስር ይገናኛሉ፣ ከዛ አንድ የነርቭ ገመድ ሆነው እስከ ጭራ ይወርዳሉ። ገመዱን ለማየት አንጀቱን በወረንጦ አንስታችሁ ቁረጡት፣ ከስሩ መጀመሪያ ቀይ የደም ስር፣ ከዛ ስር ነጩ ገመድ። በአጉሊ መነፅር ስታዩት በየቀለበቱ ትንሽ አበጥ ይላል፣ ጋንግሊየን የሚባለው እሱ ነው፣ ከያንዳንዱም ሶስት ጥንድ ነርቭ ወደ ጎን ይወጣል።

ሴሎቹ ግን በዓይን አይታዩም፣ ለነሱ ማይክሮስኮፕና ትሉ በአግድም ተቆርጦ ቀለም የተነከረበት ስላይድ ያስፈልጋል። ገመዱን ፈልጋችሁ አጉሉት፣ የሴሎቹ አካል ከስርና ከጎን ተደርድሮ፣ መሀሉ በቀጫጭን ክሮቻቸው ተሞልቶ፣ ከላይ ደሞ ሶስት ትላልቅ ክቦች ታያላችሁ። ክቦቹ በአግድም የተቆረጡ ወፍራም የነርቭ ክሮች ናቸው፣ ቅድም ትሉን ጭምትር ያደረጉት እነዚህ ናቸው! የመሀሉ ወፍራም ክር የጭንቅላቱን ንክኪ ያደርሳል፣ የጎንና ጎኖቹ የጭራውን። የየቀለበቱ ሴሎች ጫፍ ለጫፍ ተገጣጥመው ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ስለሚቀባበሉ፣ ክሩም ወፍራም ስለሆነ፣ መልዕክቱ በመሀሉ ክር በሴኮንድ ከ10 ሜትር በላይ ይሮጣል። ስትስሉ ሶስቱን ክቦች ወደ ጀርባው በኩል አድርጓቸው፣ ስላይዱ ተገልብጦ ከሆነም አቅጣጫውን የምታውቁት በነሱ ነው።