አንዱን ዓይን ሸፍኖ መስመር ማየት

ድሬዳዋ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ወላጆች ያላችሁ፣ ይህችን ልብ በሉልኝ። በየሳምንቱ የማንበቢያ መነጽራቸውን አድርገው፣ አንዱን ዓይን በእጃቸው ሸፍነው፣ በባለአራት ማዕዘን የሂሳብ ደብተር ገጽ መሐል ያደረጋችሁላቸውን ነጥብ ትክ ብለው ይመልከቱ። ከዚያ በሌላው ዓይን ይድገሙ። ሁለቱንም ከፍተው ካዩ ደህናው ዓይን የታመመውን ጉድለት ይሸፍንለታል፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋው በዚህ ነው። ቀጥ ያለው መስመር ከተጣመመባቸው ወይም መሐሉ ላይ ጥላ ካጠላ፣ የሬቲናው (በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) ማዕከል የሆነው ማኩላ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ የዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው። እባካችሁ፣ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትተዉት! ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የማኩላ ሕመም፣ እርጥብ የሚባለው ዓይነቱ፣ ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ሊገታ ይችላል፤ በመዘግየት የጠፋው እይታ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። የሚያጨሱ ከሆነ ሲጋራውን ያቁሙ። ከቀፊራ ገበያ ስትመለሱም ቆስጣና ጎመን ያዙላቸው።