ልጆች ይዛ የመጣችውና ሚስቱ የሞተችበት ጎረቤት፦ የትንሽ ከተማ ፍቅር ስንጽፍ የምናበላሻቸው ነገሮች

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ሴትየዋ ልጆቿን ይዛ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ትመጣለች። ከአጥሩ ማዶ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አለ። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ቡና፣ ከዚያ የታወቀው ነገር ይመጣል። ጓደኞቼ እንዲህ ዓይነት ረቂቅ «እስቲ እየው» እያሉ ሲሰጡኝ ዓመታት ሆነኝ። ታሪኩ አይሰለቸኝም። የሚያስቸግረኝ ጸሐፊው ሁለቱን ብቻቸውን ማስቀመጡ ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ለብቻው የሚፋቀር ሰው አይቼ አላውቅም። ስህተቶቹን አንድ በአንድ ልዘርዝር።

የመጀመሪያው፣ ከተማዋን ስም መንሳት ነው። «አንዲት ትንሽ ከተማ» ካላችሁኝ ምንም አይታየኝም። ደብረ ሲና በሉኝ። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በደሴ መንገድ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ሲወረድ። ጉሙ ሲወርድ መኪና በቀትር መብራት አብርቶ ነው የሚሄደው። አውቶቡስ ሲቆም ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ይከቡታል። አያችሁ፣ ልጆቹን መጀመሪያ የሚያናግራቸው ሰው ቆሎ ሻጭ ሆነ። ለምን እንደመጣችም ንገሩኝ። ትንሽ ከተማ «አየሩ ስለተስማማኝ» ተብሎ አይመጣም። ምደባ ነው፣ ዝውውር ነው፣ መፈናቀል ነው፣ ወይም ከዓረብ አገር ተመልሳ አዲስ አበባ የቤት ኪራይ አልቻለችም። እኔ ለዚህ ጽሑፍ ጤና ጣቢያ የተመደበች ነርስ አድርጌያታለሁ።

ሁለተኛው ከሁሉም የባሰው ነው፤ ሐዘንን ያለ ቀን ቆጠራ መጻፍ። ረቂቁ «ሐዘኑ ገና አልወጣለትም» ብሎ ያልፋል። ስንተኛው ቀን ነው? ሠልስት? አርባ? ሰማንያ? መንፈቅ? ሙት ዓመት? ኦርቶዶክስ ቤት ከሆነ እነዚህን ቀኖች ከሰውየው በላይ ሰፈሩ ያውቃቸዋል። በልብሱ፣ በፂሙ፣ ሰው ቤት በመግባት ባለመግባቱ ይታያሉ። እስከ ሠልስቱ ድንኳን አለ፣ የእድር አግዳሚ ወንበር አለ፣ ንፍሮ አለ። ቤቱ ሰው በሰው ነው፤ ለማልቀስ እንኳ ተራ ይጠበቃል። ከዚያ እድሩ ወንበሩንና ድስቱን ቆጥሮ ይወስዳል። የሩቅ ዘመድ ይሳፈራል። ለሰውየው ሚስቱ የሞተችው ያን ዕለት ማታ ነው። ሴትየዋ በዚያ ሰሞን የቤት ዕቃዋን ከአይሱዙ ላይ ብታወርድ ታሪክ ይጀምራል።

አንዱ ረቂቅ ላይ ሰውየው በሁለተኛው ወር ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ቡና ሊጠጣ ሄደ። ጸሐፊው ሸሚዙን ያለበሰው እንዲያምርበት ብሎ ነው። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ «የሟች እናት ምን አሉ?» እያልኩ ነው ያነበብኩት።

ሃይማኖቱንና ሕጉንም ሳታጣሩ አትግቡበት። አራት ወር ከአሥር ቀን የሚባለው ዒዳ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት የምትጠብቀው ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት ወንድ የለበትም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም 180 ቀን ሳይሞላት ሌላ እንዳታገባ በመርህ ደረጃ የሚከለክለው ሴቷን ነው። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ታሪካችሁ ደብረ ሲና ከሆነ እሱን ተመልከቱ። ሰውየውን ቄስ ልታደርጉት ካሰባችሁ ደግሞ ቆም በሉ። ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ሌላ ካገባ ክህነቱን ያጣል። ይኼ ለብቻው አንድ ልቦለድ ይወጣዋል።

ሦስተኛው ስህተት አማርኛ በነፃ የሰጠንን መጣል ነው። ብዙ ረቂቅ ላይ ሁለቱ ከመጀመሪያው ቀን «አንተ» «አንቺ» ይባባላሉ። ለምን? እሱ «ሲስተር» ይላታል፣ እሷ «ጋሼ» ትለዋለች፣ አንቱታው ለወራት ይሄዳል።

«ሲስተር፣ ቆርቆሮዎ ያፈሳል መሰለኝ። ነገ ወጥቼ ልየው?»

«ኧረ አይድከሙ ጋሼ።»

እንዲህ እያሉ ይክረሙ። ከዚያ አንድ ሌሊት ልጇን ትኩሳት ያዘው። ነርስ ብትሆንም ታናሽየዋን አዝላ ትልቁን መሸከም አትችልም። አጥሩን ትደበድባለች። «ጋሼ! ጋሼ ይነሱ! ኧረ ተነስ!» ጋቢውን እንደለበሰ ይወጣል፣ ልጁን ይሸከማል፣ እስከ ጤና ጣቢያ በጉም ውስጥ ይሄዳሉ። ሲነጋ እሷ ወደ አንቱታዋ ተመልሳለች። «ሌሊት አስቸገርኩዎት» ትላለች። እሱ ጫማውን እያየ «አንቺም አልተኛሽ» ይላል። በቃ። እዚያ ላይ ምዕራፉን ዝጉት። ያቺ «ሽ» የሠራችውን «እወድሻለሁ» በአሥር ገጽ አይሠራውም። አንዳንዱ ጸሐፊ ግን እዚህ ጋ ያቃቅፋቸዋል፤ የልጁ ትኩሳት ሳይበርድ!

ልጆቹም አሉ። አራተኛው ስህተት እነሱን ደብዳቤ አመላላሽ ማድረግ ነው፤ በሚያስቅ ንግግራቸው ሁለቱን አገናኝተው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የሚተኙ። የትንሽ ከተማ ልጅ ጎረቤት በልቶ፣ ጎረቤት ቴሌቪዥን አይቶ፣ ወሬ ይዞ ነው የሚመጣው። ደግሞ ሁለት ልጆች አንድ ልብ የላቸውም። ትንሿ አባቷን አታስታውስም፤ አንድ ቀን ሳታስበው ጎረቤትየውን «አባዬ» ትለዋለች። ትልቁ ይሰማና በጥፊ ይላታል። እናትየው የትኛውን ታባብል? ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራም የሚከተለው የወላጅ አባቱ ስም ነው። እንጀራ አባት ምን ያህል ደግ ቢሆን መዝገቡ ላይ አይገባም፤ ልጁም ይህን ያውቃል።

ሐሜተኛዋ ጎረቤት። ሁሉም ረቂቅ ላይ አለች፣ ሁሉም ላይ ክፉ ናት። በእውነት ግን ያቺው «መጤዋ ሰውዬውን ልትይዘው ነው» ብላ ያወራችው ሴት ናት መጀመሪያ ምጥን ሽሮ ይዛ የመጣችው። እድር እንድትገባ የወተወተቻትም እሷው። ማማትና መርዳት አንድ እጅ ላይ አሉ። ክፉና ደግ ብላችሁ ለሁለት ሰው አታካፍሏቸው።

የመብራት መጥፋት ትዕይንቱን ተዉት። መብራት ጠፋ፣ ሻማ ተበደረች፣ እጃቸው ተነካካ። ደህና አርጎ የጻፈው ሰው አልገጠመኝም።

መጨረሻውን ሠርግ ለማድረግም ይቸኮላል። ከሠርጉ በፊት ሽማግሌ አለ። ሽማግሌዎቹ ማን ቤት ይቀመጣሉ? ቤተሰቧ ሩቅ ነው። አከራይዋ ይሆኑ ይሆን «ልጃችን» ብለው የሚቀበሉት? ወንድሟ ከአዲስ አበባ ይጠራ? ለትልቁ ልጅስ ማን ይነግረዋል? ብዙ ጸሐፊ ይህን ይዘለዋል፤ እኔ ደግሞ ማንበብ የምፈልገው እሱን ነው።

የመጨረሻው ስህተት የሞተችውን ሚስት ክፉ ማድረግ ነው፣ አዲሷን መቀበል እንዲቀል። ንዝንዝ ነበረች፣ አትወደውም ነበር፣ ምናምን። ያ ከሆነ ሰውየው ምን አሳዘነው? መልካም ሴት ነበረች እንበል። ከመታመሟ በፊት የዓመቱን በርበሬ አዘጋጅታ ነበር። እሱ ሽሮም ሠራ ምስርም ሠራ፣ የሚበላው የእሷን እጅ ነው። በየወሩ ማንኪያው ወደ ዕቃው ሥር ይወርዳል። ቆጥቦ መጨመር ይጀምራል፤ ወጡ ነጣ፣ ሰው ሲጠይቀው ጨጓራዬን አሞኛል ይላል።

ሙት ዓመቱ አልፎ አንድ ጠዋት ባዶውን ዕቃ ይዞ አጥሩ ጋ ይመጣል። ሊለው የፈለገውን አይለውም። «በርበሬ ስንት ኪሎ ነው የሚገዛው?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷም አታውቅም፤ አዲስ አበባ የተፈጨ ነበር የምትገዛው። ሐሜተኛዋን ይጠሯታል። ትመጣለች፣ ኬሻውን ታነጥፋለች፣ ትልቁን ልጅ «ና ቀንጥስ» ትለዋለች። ልጁ ፊቱን እንዳጠቆረ ይቀመጣል። ሰውየው ከጎኑ ይቀመጥና አንዱን ዛላ ያነሳል። ሴትየዋ ዕቃውን ለማጠብ ስትወስደው «ቆይ፣ አታጥቢው» ይላታል። ከሥሩ የቀረችውን ቁንጥር አራግፎ በወረቀት ይጠቀልልና ኪሱ ይከታል። ከዚያ ዕቃውን ይሰጣታል።