ወጣት ውሻ ሲያነክስ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ገና ዓመት ተኩል ያልሞላው ውሻ ዛሬ ያነክሳል፣ ነገ ይሻለዋል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ያነክሳል። ቤተሰቡ መጀመሪያ “ወለም ብሎት ነው” ይላል፤ ቀጥሎ “እያደገ ስለሆነ ነው”። አንዳንዴ ሁለቱም ልክ ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የወጣት ውሻ አጥንት ገና አድጎ አላለቀም። አጥንቱ ጫፍ ላይ ያለው የማደጊያ ክፍል በብዙ ውሾች የሚዘጋው ከ10 እስከ 14 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ በግዙፎቹ ዝርያዎች እስከ 18 ወር ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ የተበላሸ መገጣጠሚያ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል።

“አያለቅስም እኮ፣ ስለዚህ አያመውም” የሚለውን ቶሎ እንሰናበተው። የቆየ ሕመም ያለበት ውሻ እምብዛም አይጮህም። ሶፋ ላይ መውጣት ይተዋል። ደረጃ ሥር ቆም ይልና ያመነታል። አንዱን መገጣጠሚያ ደጋግሞ ይልሳል። ድሮ በር ላይ እየዘለለ ይቀበል የነበረው አሁን ተኝቶ ጅራቱን ብቻ ይቆላል፤ ሰው ደግሞ “ጨዋ ሆነ” ብሎ ደስ ይለዋል።

የቱ እግር ነው?

ይሄ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ውሻውን ማሰሪያውን አላልቶ በደረቅና በተስተካከለ መሬት ላይ ይዞት ይሂድ፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ። እናንተ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ሆናችሁ በስልክ ቅረጹት። ጭንቅላቱን ተመልከቱ። የሚያመው የፊት እግሩ ከሆነ፣ ያ እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ይነሳል፤ ደህነኛው ሲያርፍ ወደ ታች ይወርዳል። የኋላ እግር ከሆነ ደግሞ ዳሌውን እዩ፤ የሚያመው በኩል ያለው ከሌላው ይበልጥ ከፍ ዝቅ ይላል።

ቪዲዮውን አታጥፉት። ክሊኒክ ሲደርስ ደንግጦ ወይም ተደስቶ እንደ ጤነኛ የሚራመድ ውሻ ሞልቷል፤ ሐኪሙ የሚያምነው ያኔ ቪዲዮውን ነው።

ከዚያ መዳፉን ፈትሹ። በጣቶቹ መሀል እሾህ፣ የተሰነጠቀ ጥፍር፣ የተቆረጠ ቆዳ፣ የተጣበቀ መዥገር ሊኖር ይችላል። ቀላሉን ነገር ሳያዩ ስለ ዳሌ ማውራት ጊዜ ማባከን ነው። መዳፉ ንጹሕ ከሆነ የሁለቱን እግሮች ጡንቻ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ አወዳድሩ። አንዱ ጭን ከሌላው ከሳ ብሎ ከተሰማችሁ ሕመሙ የትናንት አይደለም፤ ያንን እግር ሲቆጥብ ሳምንታት አልፈውታል ማለት ነው።

ሲነሳ ይቸገራል፣ ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮች አንድ ላይ ያነሳል

በትልልቅ ዝርያዎች ላይ ይህ ሲታይ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የዳሌ መገጣጠሚያ መላላት ነው። የጭኑ አጥንት ክብ ራስ ጎድጓዳ ማረፊያው ውስጥ በደንብ አይገጥምም፤ በተራመደ ቁጥር ይላወሳል፤ ልም አጥንቱን፣ ማለትም የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ ክፍል፣ ይፍቃል። በዘር ይመጣል፤ ጀርመን ሼፐርድ፣ ላብራዶርና ሮትዋይለር በዚህ ይታወቃሉ። ከመጠን በላይ መመገብና ክብደት ያባብሱታል።

የሚለየው በራጅ ነው፤ ጥሩ ራጅ ለማንሳት ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሻውን በማደንዘዣ ማስተኛት ያስፈልጋል። ቶሎ መታየት እዚህ ላይ ዋጋ አለው። የዳሌውን አስተዳደግ የሚያስተካክል አንድ ቀላል ቀዶ ጥገና አለ፤ የሚሠራው ግን ቡችላው 5 ወር ሳይሞላው ነው። ያ ካለፈ ብዙዎቹ ክብደታቸው ተጠብቆ፣ እንቅስቃሴያቸው ተመጥኖ፣ ማስታገሻ እየወሰዱ ደህና ይኖራሉ። ያልበቃቸው የአጥንቱ ራስ ይወጣላቸዋል ወይም ዳሌው በሙሉ ይቀየራል።

የፊት እግሩን ያነክሳል፣ ተኝቶ ሲነሳ ይብስበታል

ከ4 እስከ 10 ወር ባለ ትልቅ ውሻ ላይ ክርኑን ተጠራጠሩ። ክርን ሦስት አጥንት የሚገናኝበት ጠባብ ቦታ ነው፤ ሦስቱ እኩል ካላደጉ አንዱ ጫፍ ይሰነጠቃል ወይም ሳይጋጠም ይቀራል። ውሻው ሲቆም መዳፉን ወደ ውጭ ያዞራል። ትከሻ ላይም ተመሳሳይ ችግር አለ፤ የልም አጥንት ቁራጭ ከሥሩ ይላቀቃል። ሁለቱም ክርኖች ከታመሙ ማነከሱ ላይታይ ይችላል። አጭር አጭር እየረገጠ ይሄዳል እንጂ ወደ አንድ ጎን አያደላም። ባለቤቶችን ወራት የሚያታልላቸው ይሄኛው ነው።

የተላቀቀ ቁራጭ በእረፍት አይጠፋም። ቀዶ ጥገና ይጠቅም እንደሆነ ቶሎ ጠይቁ፤ መገጣጠሚያው ከተጎዳ በኋላ የሚገኘው ጥቅም ያንሳል።

ዛሬ ቀኝ፣ በሳምንቱ ግራ

ሕመሙ ከእግር እግር የሚዞር ከሆነ፣ ዕድሜው ከ5 እስከ 18 ወር ከሆነ፣ ረጅሙን አጥንት መሀሉ ላይ ጫን ስትሉት የሚሸሽ ከሆነ፣ “እያደገ ነው” የሚለው ግምት ልክ ሊሆን ይችላል። የረጃጅም አጥንቶች ውስጠኛ ክፍል መቆጣት ነው፤ በተለይ ጀርመን ሼፐርድን ያጠቃል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በራሱ ይለቃል። እስኪያልፍ እረፍትና በሐኪም የታዘዘ ማስታገሻ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ግን አብሮ ይታይ። የሚዞር ማነከስ ከመዥገር በሚተላለፍ በሽታም ይመጣል። መገጣጠሚያው ካበጠ፣ ትኩሳት ካለው፣ ወይም ድዱ ከገረጣ የደም ምርመራ ይደረግለት።

ጥቂት እርምጃ በሦስት እግር፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ

ትናንሽ ውሾች ናቸው። የጉልበቱ ሎሚ ከቦይው ይወጣል፣ ውሻው እግሩን ያነሳል፣ ሎሚው ሲመለስ መንገዱን ይቀጥላል። ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጠዋል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ክብደት መጠበቅና መከታተል ሊበቃ ይችላል፤ ወጥቶ የሚቀር ከሆነ ግን ቀዶ ጥገና ነው። ትንሹ ውሻ ያለማቋረጥ የሚያነክስና ጭኑ እየከሳ የሚሄድ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የጭኑ አጥንት ራስ ደም አጥቶ እየሞተ ሊሆን ይችላል። ይሄም በራጅ ይታያል፤ መፍትሄው ያንን ራስ ማውጣት ነው። ትንሽ ውሻ ያለሱ በሚገርም ሁኔታ ይሮጣል።

ትልቁ ውሻ ሲቀመጥ አንዱን የኋላ እግር ወደ ጎን ከዘረጋ፣ ሲቆምም በጣቱ ጫፍ ብቻ ከነካ፣ የጉልበት ጅማቱን አስመርምሩ። የሽማግሌ ውሻ በሽታ ብቻ አይደለም።

አንጓው አብጧል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ምግብ እምቢ ብሏል

ይህን ይዞ ቤት መዋል አያስፈልግም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። እግሩን ጨርሶ የማይረግጥ፣ እግሩ የተንጠለጠለ፣ ወይም መዳፉን እየጎተተ ጥፍሩን የሚፍቅ ውሻም እንደዚሁ።

ምግቡ ሥጋ ብቻ ነው

ለውሻ ከሥጋ የተሻለ የለም የሚል እምነት አለ። አጥንት የሌለው ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፣ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ሰውነት የጎደለውን ካልሲየም ከቡችላው አጥንት ይበደራል፤ አጥንቱ ይሳሳል፣ ይጎብጣል፣ በትንሽ ዝላይ ይሰበራል። ይህን ያየ ሰው ደግሞ የካልሲየም ክኒን ገዝቶ ይመጣል፤ በግዙፍ ዝርያ ቡችላ ላይ ትርፍ ካልሲየም አጥንቱን በሌላ መንገድ ያበላሻል፤ ምክንያቱም እስከ 6 ወር ድረስ አንጀቱ የበዛውን ከልክሎ አያስቀረውም። ለሚያድግ ትልቅ ውሻ ተብሎ የተመጣጠነ ምግብ ስጡት፤ በላዩ ምንም አትጨምሩ።

ሕመሙ የሚቆይ መሆኑ ሲታወቅ

አሁን የዕለት ተዕለቱ ሥራ ይመጣል። በእኔ እይታ ብዙ ውሾችን የሚጎዳው መጥፎው ቀን አይደለም፤ ጥሩው ቀን ነው። ማስታገሻው ሠርቶ፣ ውሻው ነቃ ብሎ፣ ኳስ አፉ ላይ ይዞ ይመጣል። ባለቤቱም “ዛሬ እንኳን ይጫወት” ይላል። ግማሽ ሰዓት መዝለል፣ መታጠፍ፣ ድንገት መቆም። በማግስቱ መነሳት ያቅተዋል። ከዚያ ሦስት ቀን ተኝቶ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ መገጣጠሚያውን ደግፎ የሚይዘው ደግሞ ያ ጡንቻ ነው።

ስለዚህ በጥሩውም በመጥፎውም ቀን ልኩ አንድ ይሁን። አጭር የእግር ጉዞ፣ በማሰሪያ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ። በማግስቱ ጠዋት ሲነሳ ከወትሮው ይበልጥ ከገተረው መጠኑን በግማሽ ቀንሱ፤ ሳምንት ሙሉ ደህና ከዋለ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩ። ውሻው ዋና የሚችል ከሆነና ቦታው ካለ ይዋኝ፤ ክብደት ሳይጫነው ጡንቻ ይገነባል። ጉልበቱ ሲተርፈው ጭንቅላቱን አሠሩት፤ የተደበቀ ምግብ ፈልጎ ማግኘት ወጣት ውሻን ከሩጫ ባልተናነሰ ያደክማል።

ክብደት ላይ ድርድር የለም። ጎድኑን በእጃችሁ ስትዳብሱ ሳትጫኑ መቆጠር አለበት፤ ከላይ ሲታይ ወገቡ ገባ ማለት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመ ጥናት 48 ላብራዶሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከታትለዋቸው ነበር። ከጥንዱ በ25 በመቶ ያነሰ ምግብ የተሰጣቸው ወደ ሁለት ዓመት ገደማ የበለጠ ኖሩ፤ የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘግይቶ መጣ። ይህን የሚያህል ክኒን አላውቅም።

ቤት ውስጥ የሚያንሸራትት ወለል ትልቁ ጠላት ነው። ውሻው ከሚተኛበት እስከ ምግቡና እስከ በሩ ድረስ የማይንሸራተት ምንጣፍ ዘርጉ። ጥፍሩን አሳጥሩ፤ መዳፉ መሬቱን እንዲይዝ። መኝታው ወፍራምና ደረቅ ይሁን።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ ከራሳችሁ ሣጥን ምንም አትስጡት። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ጨጓራውን ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፤ ፓራሲታሞል ጉበቱን ያጠቃል፣ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ለውሻ የሚታዘዙት እንደ ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም ያሉት ናቸው፤ መጠናቸው በክብደቱ ይሰላል፣ ከምግብ ጋር ይሰጣሉ። ፕሬድኒሶሎን ከሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ጋር አይቀላቀሉም። ካስመለሰ፣ ምግብ ካስጠላው ወይም ሰገራው ከጠቆረ አቁማችሁ ደውሉ። የዓሣ ዘይት ኦሜጋ 3 ለመገጣጠሚያ የተወሰነ ጥቅም አለው፤ ለመገጣጠሚያ ተብሎ የሚሸጠው ግሉኮሳሚን ግን ከስሙ ያነሰ ማስረጃ ነው ያለው።

አንድ ደብተር ያዙ፤ በየማታው አንድ መስመር ይበቃል። ስንት ደቂቃ ሄደ፣ ጠዋት እንዴት ተነሳ፣ መድኃኒት ወሰደ ወይ። ከስድስት ሳምንት እንዲህ ያለ ክትትል በኋላም ያለ ማስታገሻ አንድ ሳምንት መዋል ካልቻለ ወይም የጭኑ ጡንቻ መክሳቱን ከቀጠለ፣ ደብተሩንና ቪዲዮውን ይዛችሁ የአጥንት ቀዶ ጥገና የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሂዱ።