ኩሱን ሳታዩ ዱቄት አትግዙ፦ የሥጋ ዶሮ አንጀት ችግርና መፍትሄ

ቢሾፍቱ ውስጥ መኖና መድኃኒት መሸጫ ገብታችሁ «ዶሮዎቼን ተቅማጥ ያዛቸው» ብትሉ ባዶ እጃችሁን አትወጡም። ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ባክቴሪያ) አለ፣ አሲድ አለ፣ ኢንዛይም (መኖ እንዲፈጭ የሚያግዝ) አለ፣ ቶክሲን ባይንደር (የሻጋታ መርዝ የሚይዝ) አለ። ሻጩ ክፉ ሆኖ አይደለም። ተቅማጥ አላችሁት፣ የተቅማጥ ሰጣችሁ። ግን ተቅማጥ የሚባል አንድ በሽታ የለም። አሥር ምክንያት አለው፣ እያንዳንዱ ዱቄት ደግሞ የሚሠራው ለአንዱ ወይም ለሁለቱ ብቻ ነው።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። አንድ ዓመት እንቁጣጣሽን አስቤ ሐምሌ 20 ገደማ 500 ጫጩት አስገባሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጉዝጓዙ ረጠበ። ፕሮባዮቲክ ገዛሁ። አልደረቀም። ሌላ ዓይነት ገዛሁ። አሁንም እንደዚያው። አንድ ጎረቤቴ ገብቶ ጎንበስ ብሎ መጠጫዎቹን አየና «አንተ፣ ዶሮዎቹ እየጠጡ አይደለም እኮ፣ እየታጠቡ ነው» አለኝ። መጠጫው ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። ለሁለት ሳምንት በዱቄት ስታገል የከረምኩት ከገመድ ርዝመት ጋር ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ዓይን። ጤነኛ ኩስ ቡናማ፣ ቅርጹን የያዘና ጫፉ ላይ ነጭ ቆብ ያለው ነው። በቀን ጥቂት ጊዜ ደግሞ ጥቁር ቡናማ፣ ልስልስና የሚሸት ኩስ ይጥላሉ። ይህ ከአንጀቱ መጨረሻ አካባቢ ካሉት ሁለት ድፍን ከረጢቶች የሚወጣ ነው፣ ጤነኛ ነው። ጀማሪ ሁሉ አንዴ ይደነግጥበታል።

ጉዝጓዙ ረጥቧል፣ ዶሮዎቹ ግን ይበላሉ፣ ይሮጣሉ

ዶሮዎቹ ደህና ሆነው ወለሉ ብቻ ከታመመ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአንጀት አይደለም። ከሰጋቱራው አንድ እፍኝ ዝገኑና ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ ቢበታተን ደህና ነው። እንደ ኳስ ተጣብቆ ከቀረ በጣም ረጥቧል።

መጠጫውን እዩ። ጠርዙ ከዶሮዋ ጀርባ ጋር እኩል መሆን አለበት፣ ዶሮዋ ስታድግ አብሮ ከፍ ይላል። ቀጥሎ መጋረጃውን እዩ። ክረምት ላይ ብርድ ፈርተን ሁሉንም እንዘጋለን፣ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ አሞኒያው ዓይን ያቃጥላል። ከዚያ የዶሮውን ብዛት ቁጠሩ። በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 በላይ ካስገባችሁ፣ በተለይ በዓል ሲቃረብ «አንድ 50 ልጨምር» ካላችሁ፣ ምንም ዱቄት አያድናችሁም።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ጨውን ጠርጥሩ። በአንድ ኩንታል መኖ 300 ግራም ገደማ ጨው ይበቃል። ዓሣ ዱቄት ካለበት እሱም የራሱን ጨው ይዞ ስለሚመጣ መቀነስ አለበት። ራሳችሁ የምትቀላቅሉ ከሆነ ጨዉ በደንብ ደቆ ይግባ፣ ካልሆነ አንዷ ዶሮ ጓል ታገኛለች፣ ሌላዋ ምንም አታገኝም። ጨው የበዛባት ዶሮ ብዙ ትጠጣለች፣ የጠጣችውን ትጥላለች። መፍትሄው መኖውን ማስተካከል ነው። እዚህ ጋ ፕሮባዮቲክ መግዛት ገንዘብ ሰጋቱራ ላይ መበተን ነው።

ኩሱ ማር ይመስል ይጣበቃል

እግራቸው ላይ ይደርቃል፣ ላባቸውን ያቆሽሻል። በቆሎ ሲወደድ መኖ ውስጥ ስንዴ፣ ገብስና ፉርሽካ ይበዛል። በእነዚህ ውስጥ ዶሮ መፍጨት የማትችለው አሰር አለ፣ ውሃ ሲያገኝ እንደ ሙጫ ይሆናል። መኖው በአንጀት ውስጥ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ንጥረ ነገሩ በደንብ አይመጠጥም፣ የተረፈውን ባክቴሪያ ይመገበዋል።

ኢንዛይም ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ነው። ለስንዴና ለፉርሽካ ዛይላኔዝ፣ ለገብስ ቤታ ግሉካኔዝ ያለበትን ፈልጉ። ዝም ብላችሁ «ኢንዛይም» ብላችሁ አትግዙ። ፋይቴዝም ኢንዛይም ነው፣ ሥራው ግን በእህል ውስጥ የታሰረ ፎስፈረስ መፍታት ነው፣ የሚጣበቅ ኩስ አያስተካክልም። መኖው በከፍተኛ ሙቀት ታሽቶ እንክብል የሚሆን ከሆነ ደግሞ ሙቀት የሚችል ዓይነት መሆኑን ጠይቁ።

ያልተፈጨ መኖ በኩሱ ውስጥ ይታያል

በቆሎው እንደገባ ከወጣ፣ አንጀቱ እየተቻኮለ ነው ማለት ነው። ከዱቄት በፊት አኩሪ አተሩን ፈትኑ። በደንብ ያልተቆላ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት። ብዙዎቻችን ደግሞ በብረት ምጣድ በግምት ነው የምንቆላው።

ቀላል መሞከሪያ አለ። የተፈጨውን አኩሪ አተር ከትንሽ ዩሪያ ማዳበሪያና ከውሃ ጋር ማሰሮ ውስጥ አድርጉ፣ ክደኑት፣ 20 ደቂቃ ቆዩ። ክዳኑን ስታነሱ አሞኒያ ካፍንጫችሁ ከገባ አልበሰለም፣ እንደገና ይቆላ። ግን አታሳርሩት። ያረረ አኩሪ አተርም ፕሮቲኑ ይጎዳል። አኩሪ አተሩ ጥሩ ከሆነ ወደሚቀጥሉት ሁለት ክፍሎች እለፉ፣ ምክንያቱም ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ተውሳክም በዚህ መልክ ይጀምራል።

ደም ያለበት ኩስ

ይህን አታሳድሩት። ደም፣ የተሸበሸበ ላባ፣ ጥግ ላይ ኩምትር ብሎ መቆም፣ የገረጣ ኩክኒ ካያችሁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮክሲዲያ ነው። የሞተችውን ጓንት አድርጋችሁ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ክፈቱ፣ ካደረች አንጀቱ ራሱ ይበሰብስና ምንም አይነግራችሁም። ሁለቱ ድፍን ከረጢቶች ደም ሞልተው ካበጡ ነገሩ ግልጽ ነው። ሁሉም ኮክሲዲያ ግን ደም አያሳይም። አንዳንዱ ላይኛውን አንጀት ነው የሚያጠቃው፣ እዚያ የምታዩት ክብደት አለመጨመርና ብርቱካናማ ንፍጥ ብቻ ነው።

ከኩስ የወጣው የኮክሲዲያ እንቁላል እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ለመያዝ ይደርሳል። ለዚህ ነው የረጠበ ጉዝጓዝና ኮክሲዲያ አብረው የሚመጡት።

ለሕክምና የተለመደው በውሃ የሚሰጥ አምፕሮሊየም ነው። 20 በመቶ የሆነው ዱቄት በ1 ሊትር ውሃ 0.6 ግራም ገደማ፣ ከባድ ሲሆን እጥፉ፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ይሰጣል። የእናንተ እሽግ ሌላ መጠን ካለው እሱን ተከተሉ፣ ሐኪምም አማክሩ። አንድ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ዶሮዎቹ ደክመዋል ብሎ ቫይታሚን አብሮ ይሰጣል። አምፕሮሊየም የሚሠራው ቫይታሚን ቢ1ን መስሎ ተውሳኩን በማታለል ነው። ቢ1 ያለበት ቫይታሚን አብራችሁ ከሰጣችሁ መድኃኒቱን አዳከማችሁት። ቫይታሚኑ መድኃኒቱ ሲያበቃ ይድረስ።

ለመከላከል መኖ ውስጥ የሚገባው እንደ ሳሊኖማይሲን ያለው ነው። 12 በመቶ የሆነው በኩንታል 50 ግራም አካባቢ ይገባል። 50 ግራም በ100 ኪሎ ውስጥ በአካፋ እኩል አይደርስም። መጀመሪያ በ1 ኪሎ በቆሎ ዱቄት፣ ከዚያ በ5፣ ከዚያ በ20 እያሰፋችሁ ቀላቅሉ። የተረፈውን መኖ ለጋሪ ፈረስ ወይም ለአህያ እንዳትሰጡ። ለእነሱ ገዳይ ነው። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፣ ጥቂቱ ይበቃቸዋል። ቲያሙሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክም ከሳሊኖማይሲን ጋር አታገናኙ፣ ዶሮዎቹ ይመረዛሉ።

ትናንት ደህና የነበረች ዶሮ ዛሬ ሞታ ትገኛለች

ከ2 እስከ 5 ሳምንት ባለው ዕድሜ፣ ወፍራሟ ዶሮ በድንገት ከሞተችና ስትከፍቷት አንጀቷ በጋዝ ተነፍቶ፣ ግድግዳው ሳስቶ፣ ውስጡ እንደ ሻካራ ፎጣ ከሆነ ክሎስትሪዲየም የሚባል ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ በጤነኛ ዶሮ ሆድ ውስጥም ይኖራል። በር ካልተከፈተለት አይነሳም። በሩን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ኮክሲዲያ ነው፣ አንዳንዴም ዓሣ ዱቄት የበዛበት መኖ።

ለታመመው መንጋ ሐኪም የሚያዘው አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል። ከዕርድ በፊት የሚጠበቀውን ቀንም ጠይቁ። ፕሮባዮቲክና ቡቲሬት የሚባለው የአንጀት ሴሎችን የሚመግብ አሲድ ቦታቸው ከዚህ በፊት ወይም ከዚህ በኋላ ነው። ላክቶባሲለስ ያለበትን ፕሮባዮቲክ ከአንቲባዮቲክ ጋር አንድ ባልዲ ውስጥ የሚያሟሟ ሰው አውቃለሁ። በአንድ እጁ ይተክላል፣ በሌላው ይነቅላል። አንቲባዮቲኩ ካለቀ በኋላ ጀምሩት። ክሎሪን ያለበት ውሃም ይገድለዋል። ባሲለስ የሚባለው ዓይነት ግን ስፖር (በጠንካራ ሽፋን ውስጥ የተኛ ባክቴሪያ) ሆኖ ስለሚመጣ ሙቀትና መቆየት ይችላል፣ መኖ ውስጥ ለሚቀላቅል ሰው እሱ ይሻላል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2006 መጀመሪያ ጀምሮ አንቲባዮቲክን ለማሳደጊያ ብሎ መኖ ውስጥ መጨመር ከልክሏል። ገበያው በእነዚህ ዱቄቶች የተጥለቀለቀው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። አንቲባዮቲክ የሸፈነውን መጥፎ ጉዝጓዝ ግን አይሸፍኑም።

ዶሮዎቹ እኩል አያድጉም፣ ኩሱም አንዳንዴ ይላላል

መኖውን አሽትቱ። የሻገተ በቆሎ ወይም ፋጉሎ ካለ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ይጠረጠራል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተት ላሞች መኖ ላይ የተደረገ ጥናት መርዙን በተለይ ከኑግ ፋጉሎ ጋር አያይዞታል፣ እኛም የምንገዛው ያንኑ ፋጉሎ ነው። ቤንቶናይት ያለበት ባይንደር አፍላቶክሲንን በደንብ ይይዛል። ሌሎቹን የሻጋታ መርዞች ግን ብዙም አይዝም፣ እሽጉ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን። የሻገተውን መጣል ይቀድማል።

አረንጓዴ ወይም ነጭ ውሃ መሰል ተቅማጥ ከብዙ ሞት ጋር ካያችሁ ይህን ጽሑፍ ተዉና ሐኪም ጥሩ። ፈንግል ወይም ጉምቦሮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ለእነሱ ክትባት እንጂ ዱቄት የለም።

ስለ አሲድ አንዲት ቃል። የመጠጥ ውሃ ላይ የሚጨመር አሲድ የመጠጫ መስመርን ያጸዳል፣ ባክቴሪያ ይቀንሳል። ግን በውሃ ክትባት የምትሰጡ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊትና በኋላ አሲድም ክሎሪንም አቁሙ። በ1 ሊትር 2.5 ግራም ስብ የሌለው የዱቄት ወተት ከክትባቱ በፊት ጨምሩ፣ የቀረውን ክሎሪን ይይዝላችኋል።

ጦስኝና ነጭ ሽንኩርትም ይጠይቁኛል። ጦስኝ ውስጥ ያለው ታይሞል በእርግጥ ባክቴሪያ ይከላከላል፣ በፋብሪካ የተመረቱት የቅጠል ዘይቶችም እሱን ይዘዋል። ችግሩ ከቤት የቀቀልነው ስንት እንዳለው አለማወቃችን ነው። አይጎዳም፣ ግን ኮክሲዲያን በሻይ አታክሙ።

አዲስ ዱቄት ስሞክር አሁን የማደርገው ይህን ነው። ቤቱን በወንፊት ሽቦ ለሁለት እከፍላለሁ፣ መኖው አንድ ዓይነት፣ ልዩነቱ ዱቄቱ ብቻ። በ7ኛውና በ21ኛው ቀን ከየወገኑ 30 እመዝናለሁ። ባለፈው ዙር የሞከርኩት ውድ ነበር፣ እሽጉም ያምር ነበር። ሚዛኑ ላይ ልዩነት አላየሁም፣ ቀሪውን ለጎረቤቴ ሰጠሁት።