ድንበሩን ስልኩ አይሻገረውም፦ ከአክራ ወደ ሎሜና ኮቶኑ በቡድን ሲጓዙ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በጋናዋ የድንበር ከተማ በአፍላዎ፣ የቶጎ ኬላ ጥቂት እርምጃ ብቻ ሲቀረው፣ ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቶ ኔትወርክ የሚፈልግ ሰው ካዩና ከኋላው ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው በፓስፖርታቸው የሚያራግቡ አሥር አሥራ አንድ ሰዎች ካሉ፣ ምን እንደገጠማቸው መጠየቅ አያስፈልግዎትም። ሰውየው የጉዞው አስተባባሪ ነው፤ የሆቴሉ ማረጋገጫ፣ በወዲያኛው በኩል የሚቀበላቸው ሹፌር ቁጥር፣ የቡድኑ ገንዘብና የሁሉም ፓስፖርት ቅጂ ያለው በዚያ ስልክ ውስጥ ነው። ይህን ትዕይንት ደጋግሜ ስላየሁት፣ አንድ ጊዜም ስልኩን ያነሣሁት ሰው እኔው ራሴ ስለነበርኩ ነው ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት።

የምኖረው በሥራ ምክንያት አክራ ነው። በኮሮና ሰበብ ለሁለት ዓመት ተዘግቶ የቆየው የጋና የየብስ ድንበር በፈረንጆቹ መጋቢት 2022 ከተከፈተ ወዲህ፣ ረዘም ያለ የበዓል ዕረፍት በመጣ ቁጥር ከሐበሾችና ከጋናውያን የሥራ ባልደረቦቼ የተውጣጣ ቡድን ይዤ ወደ ምሥራቅ እወርዳለሁ። መንገዱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከአክራ አፍላዎ፣ ከአፍላዎ የቶጎዋ ዋና ከተማ ሎሜ፣ ከሎሜ በሂላኮንጂ ኬላ ወደ ቤኒን ገብቶ ዊዳና ኮቶኑ። ርቀቱ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከአዲስ አበባ ጅማ እንደመሄድ በመሆኑ ሰው ይንቀዋል። በዚህ አጭር መንገድ ላይ ግን ሦስት አገር፣ ሁለት ገንዘብ፣ ሁለት የመንግሥት ቋንቋና ሁለት የሰዓት ክልል አለ።

ቀዳሚው ስህተት ሁሉን ነገር በአንድ ሰው ስልክ ላይ መጫን ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆጣ ይፈቀድልኝ። ጀማሪ አስተባባሪ ይህን የሚያደርገው ከስንፍና ሳይሆን ከትጋት ነው። ሆቴሉን በራሱ የማስያዣ መተግበሪያ ይይዛል፣ ገንዘቡን በራሱ የሞባይል ሒሳብ ይሰበስባል፣ ካርታውን በራሱ ስልክ ይጭናል፣ ከዚያም የዕቁብ ሰብሳቢ ደብተሩን እንደሚይዝ ሁሉ ስልኩን በደረቱ ኪስ ከትቶ ይነሣል። የዕቁብ ደብተር ግን ባትሪ አያልቅበትም፣ ድንበር ሲሻገርም ሥራ አያቆምም። ከሁሉ የከፋው የባንክ ኮድ ነገር ነው። ድንበሩን እንደተሻገርን ከመንገድ ዳር የቶጎ ሲም ካርድ ገዝቼ የጋናውን አውጥቼ የጣልኩበት ጉዞ ነበር፤ መጣል ያልኩት በቁሙ አይደለም፣ ወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ያስቀመጥኩት መስሎኝ ነበር። ማታ ሎሜ ሆቴሉ ደርሰን ቀሪውን ሒሳብ በካርድ ልከፍል ስል፣ ባንኬ የማረጋገጫ ኮዱን የላከው ወደ ጋናው ቁጥር ነበር። ከሽምብራ ያነሰች ሲም ካርድ ፍለጋ አሥራ ሁለት ሰው የሆቴል መግቢያ ላይ ሻንጣ ከፍቶ፣ ካልሲ አራግፎ፣ የእኔን ቦርሳ ሦስት ጊዜ ገልብጦ ሁለት ሰዓት ያህል አሳለፈ። ሲሟ አልተገኘችም። ሒሳቡ የተዘጋው ጋናውያኑ ለገበያ የያዙትን ጥሬ ገንዘብ አዋጥተው ሲሆን፣ ያንን ብድር ለመመለስ የጠፋብኝ የወዳጅነት ዋጋ ከሆቴሉ ክፍያ የሚበልጥ ይመስለኛል።

ስለዚህ የአገርዎን ሲም ከስልክዎ አያውጡ፤ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ከሌለዎት የማትረባ አሮጌ ስልክ ለአካባቢው ሲም ይያዙ። ቡድኑ ከአምስት ሰው ከበለጠ ሁለት አስተባባሪ ይኑር፤ ማስያዣው ሁሉ በሁለቱም ስልክ ላይ ይገኝ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት የስክሪን ፎቶም ይሁን። እያንዳንዱ ተጓዥ የሆቴሉን ስም፣ የሰፈሩን ስምና የሁለት ሰው ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ኪሱ ይክተት። በወረቀት ስል ወጣቶቹ ይስቁብኛል፤ አንድ ጊዜ ሎሜ ገበያ ውስጥ ስልኳ የተሰረቀባት ልጅ ግን ሆቴሏ የደረሰችው በዚያች ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ካርታው የሰጠውን ሰዓት እንደ ቃል ኪዳን መቀበል ነው። ከአክራ አፍላዎ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ መተግበሪያው ሦስት ሰዓት አካባቢ ይላል። መተግበሪያው አክራ ውስጥ ቱዱ መናኸሪያ የቆመው መኪና እስኪሞላ ድረስ እንደማይንቀሳቀስ አያውቅም፤ ከአክራ አጠገብ ካለችው የወደብ ከተማ ከቴማ ለመውጣት ያለውን መጨናነቅ ቢያውቅ እንኳ፣ ሶጋኮፔ ላይ የቮልታን ወንዝ ከመሻገራችን በፊት ግማሹ ቡድን ዳቦ ለመግዛት እንደሚወርድ፣ በየመንገዱም የጉምሩክና የፖሊስ ፍተሻ እንዳለ አይቆጥርም። ድንበሩ ላይ ደግሞ ሰማያዊዋ መስመር ሳትቋረጥ ወደ ሎሜ ትገባለች፤ ለካርታው አጥሩ የለም።

የሎሜ አቀማመጥ ራሱ ሰውን ያሳስታል። ዋና ከተማ ሆና ሳለ ግንቧ ከጎረቤት አገር አጥር ጋር ይያያዛል፤ ምክንያቱም በፈረንጆቹ 1880ዎቹ መጀመሪያ ከተማዋን ያቋቋሟት የእንግሊዞችን የጎልድ ኮስት ቀረጥ ሸሽተው ከመስመሩ ወዲያ ማዶ ዕቃቸውን ያራገፉ ነጋዴዎች ናቸው። ከቀረጥ ሽሽት የተወለደች ከተማ ዛሬ ኬላዋ ላይ ብታስቆመን አይገርመኝም። እያንዳንዱ ሰው ከጋና መውጫ፣ ከዚያም የቶጎ መግቢያ ማኅተም ያስፈልገዋል፤ እኔ ለአንድ ሰው አሥር ደቂቃ እያሰብኩ አባዛለሁ፣ አንድ ቀን ተሳስቼ አተርፋለሁ እንጂ ከስሬ አላውቅም። መኪና ተከራይቶ በጋና ታርጋ መሻገርም የሚቻል ቢሆን የመኪናውን የድንበር ወረቀትና ቡናማ ካርድ የሚባለውን የምዕራብ አፍሪካ መድን ይጠይቃል። ለቡድን የሚሻለው እስከ አፍላዎ በአንድ ሚኒባስ ሄዶ፣ በእግር ተሻግሮ፣ ማዶ በሚጠብቅ ሌላ ሚኒባስ መቀጠል ነው።

ሦስተኛው፣ ብዙዎች የሚያልፉትና ከሁሉ የሚያስከፍለው ስህተት፣ ቡድኑ አንድ ስለሆነ ፓስፖርቱም አንድ እንደሆነ ማሰብ ነው። ጋና፣ ቶጎና ቤኒን የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ የኤኮዋስ አባላት ናቸው፤ በፈረንጆቹ 1979 በተፈረመው የነጻ እንቅስቃሴ ፕሮቶኮል መሠረት የአባል አገር ዜጋ ያለ ቪዛ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ስለዚህ ጋናዊው ጓደኛችን ስለ ቪዛ ጠይቆ አያውቅም፤ መተግበሪያውም የማንን ፓስፖርት እንደያዙ ሳይጠይቅ ክፍሉን ያከራይዎታል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን የኤኮዋስ ዜጋ አይደለም። ቤኒን ለአፍሪካ አገሮች ዜጎች ሁሉ ቪዛን ማስቀረቷ እፎይ ያሰኛል፤ የቶጎን ግን እያንዳንዱ እንደ ፓስፖርቱ አስቀድሞ ከመንግሥት ገጽ ላይ ማጣራት አለበት። አሁን ወጥመዱን ልብ ይበሉ፤ በየብስ ኮቶኑ ደርሶ የሚመለስ ሰው ቶጎን የሚያቋርጠው ሁለት ጊዜ ነው። ከእኛ ጋር የነበረ አንድ ወንድማችን የያዘው የቶጎ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ነበር፤ ሲሄድ ተጠቀመበት፣ ሲመለስ ሂላኮንጂ ላይ ከእኛ ተለይቶ ቀረ። ቀኑ ሰንበት ስለነበረ የሚያናግረው ጽሕፈት ቤት አልተገኘም፤ ወደ ኮቶኑ ተመልሶ በአውሮፕላን አክራ ገባ፣ የቲኬቱም ዋጋ ከጠቅላላ ጉዞው ወጪ በለጠ። ወደ ጋና ተመልሶ መግባትም እንዲሁ ነው፤ እንደ ፓስፖርትዎ የሚያስፈልገው የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ዳግም የሚያስገባ ቪዛ ሳይኖር ከአፍላዎ መውጣት ቀላል ነው፣ የሚከብደው መመለሱ ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ሳይዙ አይነሡ። ከፈረንጆቹ 2016 ወዲህ ክትባቱ ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል ቢሆንም አሮጌ ካርድ ላይ የአሥር ዓመት ገደብ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፤ ኬላ ላይ ቢጠየቁ ሳይቆጡ ያስረዱ።

የታክሲ መተግበሪያ ነገር አጭር ነው። አክራ የለመዱት መተግበሪያ ሎሜ ላይ ሲከፈት ባዶ ካርታ ሊያሳይዎት ይችላል። በሎሜና በኮቶኑ ጎዜም የሚባለው ይሠራል፤ በፈረንጆቹ 2018 ሎሜ ውስጥ የተጀመረ ነው፣ ሞተርም መኪናም ይጠራበታል። ገና አክራ ሳሉ ይጫኑት፣ በጥሬ ገንዘብ መክፈልም ይዘጋጁ። ለአሥራ ሁለት ሰው አሥራ ሁለት ዜሚጃን፣ ማለትም የሞተር ታክሲ፣ በአንድ ጊዜ መጥራት ግን ቡድንን መበተን ነው፤ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ሆቴሎች ባሉበት ከተማ ይህን አድርገን ስድስት ሰው ፍለጋ አምሽተናል።

ገንዘብን በተመለከተ ጋናውያን ጓደኞቼ ይቅር ይበሉኝና ከእነርሱ የባሰ አላየሁም። ለውሃም ለታክሲም በሞባይል መክፈል ስለለመዱ የኪስ ቦርሳ የሚባል ነገር ትተዋል። ኮቶኑ ውስጥ ያንኑ የለመዱትን ቢጫ የስልክ ኩባንያ የኤምቲኤን ምልክት ሲያዩ ደግሞ ቤታቸው የደረሱ ይመስላቸዋል፤ የጋናው ሒሳብ በሴዲ ነው፣ የቤኒኑ በሴፋ ፍራንክ፣ ሻጯም ሴዲ አትፈልግም። ሴፋ ከዩሮ ጋር በ655.957 ተመን ታስሮ የቆመ ገንዘብ ስለሆነ አስተባባሪው ቢያንስ አንዱን ጫፍ በትክክል ያውቃል፤ የሚዋዥቀው ሴዲው ነው። ሲመነዝሩ ትንንሽ ኖት ይጠይቁ፤ በ10,000 ኖት የሞተር ታክሲ ሊከፍል የሚሞክር ሰው መልስ ፍለጋ ሦስት ሱቅ ይዞራል።

ወጪ የሚያካፍሉትን መተግበሪያዎች እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን መተግበሪያው በራሱ የዕለት ተመን ሲያሰላ፣ እኛ የመነዘርነው ድንበር ላይ ባለ ምንዛሪ ነጋዴ ተመን ነው። ልዩነቱ ለአንድ ሰው ትንሽ ነው፤ በአሥራ ሁለት ሰውና በአምስት ቀን ሲባዛ ግን አንዱ ኪሱ እንደተነካ ይሰማዋል፣ እስከ ገናም ያኮርፋል። በመጀመሪያው ቀን፣ ሁሉም ባለበት፣ አንድ የቡድን ተመን ወስኖ እስከ መጨረሻው ያንን ብቻ መመዝገብ ነው።

ከጋና የተገዛ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ቻርጀር የቶጎ ግድግዳ ውስጥ አይገባም፤ ከኢትዮጵያ የመጣው ባለ ሁለት ክብ እግር ግን ይገባል፣ በዚህ አጋጣሚ ሐበሾች አንድ ጊዜ እንኳ ተፈላጊ እንሆናለን።

የትርጉም መተግበሪያ ሲይዙ ፈረንሳይኛውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርገው ያውርዱ። ከዚያ የሚበልጠው ግን ከጋና ቮልታ ክልል የመጣ አንድ ሰው በቡድኑ ማካተት ነው፤ የኢዌ ቋንቋ ከድንበሩ በዚህም በዚያም ይነገራል። መተግበሪያው እስኪያስብ ድረስ የእኛ ባልደረባ ከሹፌሩ ጋር ዋጋ ተከራክራ፣ ተሳስቃ፣ የእናቱን መንደር ጠይቃ ትጨርሳለች።

የመጨረሻው የሰዓት ስህተት ነው፤ ይህ የእኔ ነው። ጋናና ቶጎ አንድ ሰዓት ናቸው፤ ሂላኮንጂን ሲሻገሩ ቤኒን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። በውሃ ላይ በእንጨት ምሰሶ የተሠራችውን የጋንቪዬን መንደር ለማየት ከአቦሜ ካላቪ በጀልባ ወደ ኖኩዌ ሐይቅ መግባት አለ፤ ፀሐይ ሳይበረታ መሄድ ይሻላል ብዬ ማታ በዋትስአፕ ቡድኑ ላይ «8 ሰዓት ከሆቴሉ በር» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፣ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት ለመጣው ዘመዳችን ደግሞ በቃል «ጠዋት በሁለት ሰዓት» አልኩት። ስልካቸውን ከአክራ ጀምሮ ከኔትወርክ አውጥተው ለፎቶ ብቻ የሚጠቀሙበት ሦስት ጋናውያን በጋና ሰዓት ወረዱ፤ ቤኒን ላይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሆኖ ነበር። ዘመዳችን በበኩሉ የእጅ ሰዓቱን ከአዲስ አበባ አላዛወረውም፤ የእርሱ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ኮቶኑ ገና ከንጋቱ 12 ነበረች። የሆቴሉ ዘበኛ ወንበር ሰጥቶት፣ በማይገባው ቋንቋ እያጫወተው፣ ከቁርሱም አካፍሎት ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠበቀን። ስንወርድ ጫማውን አስሮ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አገኘነው። አሁን መልእክት ስጽፍ «በሆቴሉ መግቢያ ግድግዳ ላይ ባለው ሰዓት» እላለሁ፤ ማታውኑም ሰዓቱ የሚሠራ መሆኑን ሄጄ አያለሁ።